ሦስት ሚሊ ሜትር

ብሪዚጌላ፣ እሑድ፣ ከምሳ በኋላ

ለታናሽ እህቴ፣

እንዴት ነሽ? ይህችን ቃል ሁሉም ሰው ለወጉ ያህል ይጽፋታል፤ እኔ ግን ዛሬ የምሬን ነው የምጠይቅሽ። ትበያለሽ? እንቅልፍ ይወስድሻል? ራቬና ላይ ከባሕሩ የሚመጣው እርጥበት ጉሮሮሽን ተወት አደረገሽ? እኔ አለሁ። ጋራዡም አለ። ጎረቤታችን ጋሽ ኦሪያኖም አለ፤ ጎማ ቤቱን ጥሎ በቀን ሦስት ጊዜ እየመጣ "ዛሬስ ማንን ሰደብሽ?" ይለኛል። ደንበኞቼ ግን ዘንድሮ አብደዋል መሰለኝ። ከሐምሌ ወዲህ ፍሪሲዮን ሠርቼ የላክኋቸው ሁለት ሰዎች ተመልሰው መጥተው፣ "እትዬ፣ እጀታው በጣም ላላ፤ መሪውን እስኪነካ ብንጨብጠውም ማርሹ በደንብ አይገባም" አሉኝ። ሃያ ሁለት ዓመት በሠራሁበት ሙያ! አንደኛውን "ድንጋይ ሲፈልጥ በኖረ እጅህ ምን ልታውቅ ነው?" ብዬ ሸኘሁት።

ከሐምሌ ወዲህ በስልክ "አለሽ? አለሁ" ከመባባል በቀር የልባችንን አውርተን አናውቅም። አሁንም በስልክ ልነግርሽ አስቤ ተውኩት። ድምፅሽን ከሰማሁ ግማሹን እዋሻለሁ፤ ራሴን አውቃታለሁ። ስለዚህ ደብዳቤውን በእጮኛሽ በኔቪዮ እጅ ልኬልሻለሁ። እሱ ምን እንደያዘ አያውቅም። ቁጭ ብለሽ እስከ መጨረሻው አንብቢው፣ ከዚያ እንደፈለግሽ አድርጊኝ።

ትናንት ጠዋት ኔቪዮ ቀይዋን የአባዬን ሞተር ሳይክል በተጎታች ጭኖ መጣ። "'ለእህቴ ስጣት፣ ድሮም የእሷ ነበረች' ብላኛለች" አለኝ። ማሰሪያውን ሲፈታ ፊቱን አየሁት። ያ በየሳምንቱ ፀጉር አስተካካይ ቤት የማይጠፋ ሰውዬ ጢሙ አድጎ፣ ሸሚዙ እንኳ በወግ አልተቆለፈም። "ምን ሆነሃል አንተ?" ስለው የአሮጌ ጎማ ክምር ላይ ቁጭ አለና ስቅስቅ ብሎ አለቀሰ። እኔ ሰው ሲያለቅስ ምን እንደሚደረግ አላውቅ፣ የዘይት ጨርቅ አቀበልኩት።

ከዚያ ሁሉንም ነገረኝ። ከወይኑ ለቀማ በኋላ ሊደረግ የነበረውን ሠርግ ማፍረስሽን። ቀለበቱን ጠረጴዛ ላይ ማስቀመጥሽን። "እናቴን የገደላት በሽታ በግራ እጄ ጀምሮኛል፤ አባቴ ሲሆን ያየሁትን አንተ ስትሆን አላይም" ማለትሽን። ማክሰኞ ቦሎኛ ነርቭ ሐኪም ዘንድ ቀጠሮ እንዳለሽ፣ ለዚያችም ተራ ሁለት ወር እንደጠበቅሽ። ይህን ሁሉ ከእኔ ደብቀሽ!

እህት ዓለም፣ ስሚኝ። እጅሽ ደህና ነው። ምንም አልነካውም። እጅሽን ያደከመው በሽታ ሳይሆን እኔ ነኝ።

እንዴት እንደሆነ ልንገርሽ፤ ሳልነግርሽ ደግሞ አታምኝኝም።

የጋራዡን ወግ ታውቂዋለሽ። አባዬ የአንድ ሰው ፍሪሲዮን ሠርቶ ሲጨርስ እማዬን ከወጥ ቤት ይጠራታል። እጇ ላይ ያለውን ዱቄት በሽርጧ ጠርጋ ትመጣለች፤ ሞተሩ ላይ ትቀመጥና እጀታውን በሁለት ጣት ይዛ "ጸጋ የሞላብሽ ማርያም ሆይ"ን ጮክ ብላ ትደግማለች። "አሜን" እስክትል ጣቷ ካልተንቀጠቀጠ ሥራው ተፈቀደ ማለት ነው። ከተንቀጠቀጠ አባዬ መልሶ ይፈታዋል። ጋሽ ኦሪያኖ "የእናንተ ቤት ሞተር ያለ ማርያም አይነሳም" እያለ የሚተርበን ለዚህ ነው። ከዚያ አንድ የጸደይ ወቅት እማዬ ግማሹ ላይ ስትደርስ እጀታው አመለጣት። አባዬ የላይኛዋን ሲሊንደር በጠባብ ቀየረላት። አሁንም አመለጣት። ከዚያም ይበልጥ ጠባቧን ገጠመ። በሦስተኛው እማዬ እጇን ጭኗ ላይ አስቀምጣ "ተው አንተ ሰው፣ ሞተሩ አይደለም" አለችው። ይህን ታሪክ ስንት ጊዜ አስተርከሽኛል! በዚያ ምክንያት ነው እጀታ ሲከብድሽ የሠራችውን መካኒክ ሳይሆን እጅሽን የጠረጠርሽው። ሌላ ቤት ያደገች ሴት ብትሆን ኖሮ እኔን ትሰድበኝ ነበር።

እማዬ አልጋ ከያዘች በኋላ አባዬ ከቤት ሥራዬ ላይ ጠርቶ "ነይ ያዢ" አለኝ። አሥራ ስድስት ዓመቴ ነበር። እማዬ ታማ ተኝታ እኔ ደስ አለኝ፤ እግዜር ይቅር ይበለኝ፣ የእሷ ቦታ ተሰጠኝ ብዬ ደስ አለኝ። አልጋዋ ግን ለአንቺ ተሰጠ። ማታ ማታ በብብቷ ሥር ተወሽቀሽ ትተኛለሽ። እኔ ስመጣ "መጀመሪያ ታጠቢ፣ ዘይት ዘይት ትሸቻለሽ" እባላለሁ። ታጥቤ ስመለስ አንቺ ቦታውን ሞልተሽዋል። ያኔ ነው የጀመረኝ። የመጨረሻዋን ዓመት ሙሉ ቀንቼብሻለሁ። ስታለቅሺ እንኳ፣ ያለቀስሽው አንቺ ስለሆንሽ ሰው ሁሉ አንቺን ያቅፋል ብዬ ቀንቼብሻለሁ።

እንግዲህ ያለፈውን ገና አስታውሺ። የካፔሌቲው ሾርባ ገና ከድስቱ አልወጣም፤ እኔ ጭልፋ ይዤ ቆሜያለሁ። አባዬ ከኪሱ የቀይዋን ቁልፍ አወጣና በአንቺ እጅ ላይ አስቀመጠው። "አንቺ ትነጂያታለሽ፣ እሷ ትጠግናታለች" አለ። እናንተ ሳቃችሁ። አንቺማ ዘለሽ አንገቱ ላይ ተጠመጠምሽ። ሾርባው በእጄ ላይ ሲፈስ ማንም አላየኝም። ሃያ ሁለት ዓመት ከሥሩ ሳልጠፋ፣ ያችን ሞተር ሦስት ጊዜ ከነብሎኗ ፈትቼ ገጥሜ፣ የላስቲክ ጎሚኒዋን በጥርሴ ጭምር ይዤ፣ ለእኔ የደረሰኝ መጠገን ነው! ከሁለት ወር በኋላ አባዬ ሞተ። የሞተ ሰው ደግሞ አይጠየቅም። ልጠይቀው እፈልግ የነበረው አንድ ነገር ብቻ ነበር፤ እኔን መንገድ ላይ አይተኸኝ ታውቃለህ ወይ? እንዴት እንደምነዳ አይተሃል ወይ? አላየም። እሑድ እሑድ ሙራልዮኔ ተራራ ላይ ሞተረኛው ሁሉ ሲሰበሰብ እኔ የሰኞ ሥራ አዘጋጃለሁ።

በመጋቢት "እህቴ፣ ለበጋው እዪልኝ" ብለሽ አምጥተሽ ጥለሻት ሄድሽ። የራስ ቁርሽን እንኳ አዲስ ገዝተሽ ነበር፣ ነጭ። ሥራውን ስጨርስ መደርደሪያው ላይ ከሌላ ሞተር የወለቀች የፍሪሲዮን ሲሊንደር አየሁ።

ነገሩ ቀላል ነው፤ አንቺ ሰምተሽው ሰልችቶሻል፣ ግን ዛሬ በደንብ ስሚው። እጀታውን ስትጨብጪ መሪው ላይ ያለችው ትንሿ ሲሊንደር ዘይቱን በቱቦ ትገፋለች። ሞተሩ ጎን ያለው ሲሊንደር ያን ግፊት ተቀብሎ ፍሪሲዮኑን ይከፍታል። የላይኛዋ ስትጠብ ለእጅ ይቀላል፣ እጀታው ግን ብዙ መንገድ ይሄዳል። ስትሰፋ እጀታው ትንሽ ብቻ ሄዶ ይከፍታል፣ መከራውን የሚያየው ግን ጣት ነው። የታችኛው ተቃራኒው ነው፣ እሱ ሲሰፋ ነው የሚቀለው። አባዬ እነዚህን ሁለቱን ሲያጋባ ነው ዕድሜውን የጨረሰው። ለቀይዋ የመረጠላት አሥራ ሦስት ሚሊ ሜትር ነበር። መደርደሪያው ላይ ያለችው አሥራ ስድስት ናት። ከውጭ ሲያዩአቸው መንታ ናቸው፤ ቁጥሩ ከሥር ስለሆነ ጎንበስ ብሎ የሚያይ የለም። በጆሮ ሲሰማ ሦስት ሚሊ ሜትር ምን አላት? ጣት ላይ ግን ሸክሙን በግማሽ ትጨምረዋለች።

ገጠምኳት። እጄ ሲሠራ አፌ "ትንሽ ይድከማት" ይላል። ምን እንዳሰብኩ ጠይቂኝ፤ ይደክማታል፣ ይሰለቻታል፣ "እህቴ፣ አንቺ ውሰጃት" ትለኛለች ብዬ ነው ያሰብኩት። ሌላ ነገር አላሰብኩም። አንቺን መጉዳት አላሰብኩም ብል ግን ውሸት ይሆንብኛል። ትንሽ አስቤያለሁ።

መጥተሽ እጀታውን ስትነኪው "ውይ፣ ቶሎ ይይዛል፤ ጠንክሯልም" አልሽ። እኔ ዓይኔን ሳላሽ "አየሩን አስወጥቼለት ነው፣ ድሮ አየር ነበረበት" አልኩሽ። አመንሽኝ። ለምን ታምኝኛለሽ አንቺ? አንድ ጊዜ እንኳ ለምን "ነይ፣ ይህን ነገር ፍቺና አሳዪኝ" አትይም? አምነሽ ነጭ የራስ ቁርሽን አጠለቅሽና ጡሩምባ እየነፋሽ ሄድሽ።

በሚያዝያ "ከተማ ውስጥ መብራት ላይ ስቆም እጄ ይዝላል" አልሽኝ። ልቤ ቅቤ ጠጣ። በግንቦት ሙራልዮኔ ላይ ጣቶችሽ ተኮማትረው ሞተሩ እንደጠፋብሽ፣ ሰው ሁሉ ፊት ከነሞተርሽ ወደ ጎን እንደወደቅሽ ነገርሽኝ። "አይዞሽ፣ እጅሽ ይለምደዋል" አልኩሽና ስልኩን ዘግቼ ለብቻዬ ሳቅሁ። በሰኔ መንዳት አቆምሽ። እኔም ቀን መቁጠር ጀመርኩ፤ ዛሬ ትመልሳለች፣ ነገ ትመልሳለች እያልኩ።

በሐምሌ ደውለሽ "የእማዬ እጅ መጀመሪያ ሲጀምራት እንዴት ነበር? ሸክላ ትጥል ነበር ወይስ መጨበጥ ነው ያቃታት?" ብለሽ ጠየቅሽኝ። እህቴ፣ ያን ጊዜ ገብቶኝ ነበር። አልገባኝም ብዬ ልምልልሽ እችላለሁ፤ ግን ገብቶኝ ነበር። "ኧረ እኔ ምን አውቄ፣ ደንበኛ መጥቶብኛል" ብዬ ስልኩን ዘጋሁት። ደንበኛ አልመጣም። ነገ እነግራታለሁ አልኩ፤ ነገ ደግሞ አፈርኩ። ከዚያ ሐምሌ ነሐሴ ሆነ፣ ነሐሴም መስከረም ሆነ። ሲሊንደሯን የቀየርኩት በቅናት ነው፤ ዝም ያልኩት ግን በፍርሃት ነው፤ ሁለተኛው ይብሳል። አንቺ በየሌሊቱ ጣቶችሽን እያጠፍሽ ስትቆጥሪ እኔ እዚህ ስለ አንድ ሞተር ሳይክል አስባለሁ።

ትናንት እንግዲህ የፈለግሁት ሁሉ በተጎታች ተጭኖ መጣልኝ። ቀይዋ ጋራዡ መሀል ቆማለች፣ ሰነዷ ላይ ፈርመሽበታል፣ ቁልፉ እጄ ላይ ነው። ልነካት አልቻልኩም። ኔቪዮን የፒያዲና ቂጣ ጋግሬ አበላሁት፤ ሁለት ጊዜ ጎርሶ ተወው። "እትዬ፣ አንቺ ብትነግሪያት ትሰማሻለች፤ ከማንም ይልቅ አንቺን ነው የምታምነው" አለኝ። ይህን ሲል ፊቴን አዙሬ የብሎን ቺያቤ መፈለግ ጀመርኩ።

እሱ እንደሄደ አሥራ ስድስቷን አውጥቼ የአባዬን አሥራ ሦስት መለስኩ። አዲስ ዘይት ሞላሁ፣ አየሩን ሦስት ጊዜ አስወጣሁ። ከዚያ እንደ ወጋችን ተቀምጬ በሁለት ጣት ያዝኩትና ጸሎቱን ጀመርኩ፤ "አሜን" ላይ ግን አልደረስኩም።

ወርጄ እንደገና ፈታሁት። ቁጥሩን በመብራት አየሁ፤ አሥራ ሦስት ነው። ምናልባት የታችኛው ሲሊንደር ተጣብቆ ይሆናል ብዬ እሱንም ፈታሁ። ፒስቶኑ ንጹሕ ነው፣ ጎሚኒው አዲስ ነው፣ ቱቦው አልታጠፈም። ሁሉንም ጠርጌ ገጠምኩና እንደገና ተቀምጬ ያዝኩት። አሁንም ጸሎቱ ግማሹ ላይ ቀረ።

በመጨረሻ ጋሽ ኦሪያኖን ጠራሁት። ሰባ አንድ ዓመቱ ነው፣ ጉልበቱ አይታጠፍለትም፣ ሞተሩ ላይ ለመውጣት እኔን ተደግፎ ነው። እጀታውን በሁለት ጣት ያዘና ጸሎቱን እየጎተተ ደገመ፤ "አሜን" ካለ በኋላ ሊያስቀኝ ብሎ የመንደራችንን ቅዱሳን በሙሉ በየስማቸው ጨመረበት። ጣቱ ንቅንቅ አላለም። "አንቺ ልጅ፣ ይሄ እኮ ቅቤ ነው! ማነው ከባድ ነው ያለሽ?" አለኝ።

"ማንም" አልኩት።

"ታዲያ ምን ሆነሽ ነው ሬሳ የመሰልሽው?"

"ምሳ አልበላሁም" አልኩት። እሱም ሄዶ የሚስቱን አይብ ከነሳህኑ አመጣልኝ።

ስለዚህ ሞተርሽ ደህና ነው። ኔቪዮ ዛሬ በአሥር ሰዓት መጥቶ ቀይዋንና ይህን ደብዳቤ ይዞልሽ ይመጣል። ከተጎታቹ ስታወርጃት ሞተሩን ሳታስነሺ እጀታውን ያዢው። እንደማይከብድሽ አውቃለሁ። ከዚያ ለኔቪዮ ሳቂለትና ቀለበትሽን አድርጊ። እኔን ስደቢኝ፣ እርገሚኝ፣ ከሠርጉ አስቀሪኝ፤ መብትሽ ነው። ይቅር በይኝ ብዬ አልጽፍም፤ ይቅርታ የሚጠይቅ ሰው መልስ ይጠብቃል፣ እኔ ግን መልስ ልጠይቅሽ ፊት የለኝም። ግን አንድ ነገር እወቂው፤ ትናንት ከዚያ ወንበር ስወርድ በሕይወቴ ለመጀመሪያ ጊዜ፣ እንኳን ያንቺ ሆነች አልኩ። አሁንም እቀናብሻለሁ፣ አልደብቅሽም። በሞተሯ ግን አይደለም።

የማክሰኞውን ቀጠሮ አትሰርዢው። ያ ተራ እንደገና ቢጠየቅ ሁለት ወር ነው፣ ሁለት ወር ደግሞ ረጅም ነው። ነገ ጠዋት ደውይላቸውና የቤተሰብ ስሙ እንዳለ ይሁን፣ የመጀመሪያው ስም ብቻ ይለወጥ በያቸው። የልደት ዓመቱንም በስድስት ዓመት ወደ ኋላ ይመልሱት። በጠዋቱ ባቡር እሄዳለሁ፤ ብቻዬን ነው የምሄደው፤ ለምን እንደሆነም አሁን አትጠይቂኝ። ለኔቪዮም አትንገሪው፣ ሠርግ ያለበት ሰው ነው።

እግዜር ቤትሽን ይሙላልሽ። እጅሽን ይባርክልሽ፤ ቀለበት እሰሪበት፣ ልጅ እቀፊበት፣ ተራራውን ውጪበት።

የማትገባሽ፣ የምትወድሽ፣
ታላቅ እህትሽ